ለቅሶ ያልደረሰች አስታራቂ

ሚስተር ሊን «ፀ» ከአፉ አልወጣ ብላው ፀገነትን «ጂና» ብሎ ሰየማት። እሱ ካለ ወዲያ ጥበቃውም፣ ሾፌሩም፣ ጆሃንስበርግ፣ ቡይሰንስ ሰፈር ያለው የብርድ ልብስ ፋብሪካ በሙሉ ጂና አላት፤ እሷም አቤት አለች። በስሟ የምትጠራት ኖምቩላ ብቻ ነበረች። ዙሉ እንደኛው ከጥርስና ከምላስ መሃል ፈንድቶ የሚወጣ ድምፅ አለው፤ ኖምቩላ «ሲሲ ፀጊ» ስትል፣ እህቴ ፀጊ ማለቷ ነው፣ ፊደሏ ምንም ሳይጎድላት ትወጣለች። ሰው በስደት ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚበቃው ያየ ያውቀዋል። ፀገነት ለዚያች አንዲት ፊደል ስትል ኖምቩላን ትወዳት ነበር።

ለፊደሏ ብቻም አይደለም። መጤ ይውጣ በተባለበት በዚያ ክፉ ሰሞን ፀገነት ሂልብሮው መንገድ ዳር ብርድ ልብስ ዘርግታ ትሸጥ ነበር። ዱላ የያዙ ጎረምሶች መንገዱን ሞልተው ሲመጡ ኖምቩላ እጇን ይዛ እየጎተተች ክፍሏ አስገባቻት። ያኔ ደንበኛዋ ነበረች እንጂ ሌላ ትውውቅ አልነበራቸውም። አልጋ ላይ አስተኝታ እስከ ራሷ ሸፈነቻትና፣ በሩ ሲደበደብ ከፍታ መሃሉ ላይ ቆመች። «እህቴ ናት፣ ታማለች። የሚቀሰቅሳት ካለ በእኔ ላይ ይለፍ» አለቻቸው። አላለፉም።

ከዚያም፣ በቻይና ጅምላ መደብር ተቀጥራ ሳለች፣ የፀገነት አባት ደብረ ታቦር ላይ አረፉ። ወረቀት ስላልነበራት አልሄደችም፤ ቀን ሥራ እየዋለች፣ ማታ ማታ ሮዘተንቪል ሰፈር በተከራየቻት ክፍል ፍራሽ ወለሉ ላይ አንጥፋ፣ መርዶዋን በስልክ ሰምታ በስልክ አለቀሰች። ኖምቩላ ያን ሰሞን ከሥራ በወጣች ቁጥር እየመጣች፣ አንድ ቃል ከማይገባት እንጉርጉሮ መሃል ጉልበቷን አቅፋ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ትቀመጥ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው በእኛ ቋንቋ ዘመድ ይባላል። ሌላ ስም አላወጣንለትም።

ፀገነት መንገድ ዳሩን ትታ በቻይና ጅምላ መደብር ብዙ ዓመት ስለሠራች ቻይንኛውን ለቃቅማለች፤ ዙሉውን ድሮውኑ ደንበኛ አስተምሯታል። የመደብሩ ባለቤት ሊን ፋብሪካ ሲከፍት ይዟት ሄደ። ሥራዋ ሴቶቹን መቆጣጠርና በእሱና በእነሱ መሃል አፍ መሆን ነው። ኖምቩላንም ያስቀጠረቻት እሷ ናት፤ ጠርዝ የሚሰፋው ማሽን ላይ ጎን ለጎን ይውሉ ነበር።

ጠቡ በቀብር መጣ። ኖምቩላን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት አክስቷ በዙሉ አገር ገጠር፣ ኖንጎማ ውስጥ ሞተች። ዙሉ ለቀብር ከሄደ ጉድጓድ ብቻ አይቶ አይመለስም። ከብት ይታረዳል፣ ይዘመራል፣ አፈር ከለበሰችም በኋላ ቤተሰቡ በወጉ ታጥቦ እስኪነጻ እዚያው ይቆያል። ሊን የቀብሩን ዕለት ፈቅዶ ነበር፤ ኖምቩላ ሳምንቱን ቆየች። ስትመለስ የመግቢያ ካርዷ በሩን አልከፍት አላት።

ሊን ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን እኮ ነገሩ ይቀል ነበር። የገዛ እናቱ ፉጂያን ውስጥ ስትሞት የሆነውን ፀገነት በዓይኗ አይታለች። ሻይ ልታደርስለት ቢሮውን ብትከፍት ስልኩን ወንበር ላይ አቁሞ፣ በስልኩ ውስጥ የሚሄደውን ሬሳ ሳጥን እያየ፣ ተንበርክኮ ግንባሩን ከሲሚንቶው ጋር ያገናኛል። ቀብሩ ሲያልቅ ፊቱን ታጥቦ ወደ ማሽኖቹ ወጣ። የዚያን ዕለት ሐዘንተኛ መሆኑን ከእሷ በቀር ያወቀ የለም።

«እኔ እናቴን በስልክ ነው የቀበርኩት» አላት አሁን። «እሷ ለአክስት ሳምንት ትቀመጣለች? ማሽኑን ለማን ትታ?»

ማሽኑ የተተወው ለፀገነት ነበር። ኖምቩላ በሌለችበት ሳምንት በሁለቱም ማሽን ላይ የዋለችው እሷ ናት። አባቷንም እንደ ሊን በስልክ ነው የቀበረችው። ለኖምቩላ መቆርቆር የሚገባው አንጀቷ ከሊን ጋር መስማማቱ አስፈራት።

በማግስቱ ሴቶቹ ማሽኑን አጥፍተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ መዝሙርም አነሱ። ሊን መዝሙር ሲሰማ ይረበሻል፤ ደስታ ይሁን ቁጣ አይለይለትም። ከቻይና የመጣው አዲሱ ማሽን ሰኞ ይመረቃልና እስከዚያ ድረስ ጊዜ ሰጠ። ኖምቩላ ጥፋቷን አምና ከመጣች ትግባ፤ አለዚያ እሷም፣ ከእሷ ጋር የተቀመጡትም በመጡበት ይሂዱ፣ በር ላይ ሥራ ፈላጊ ሞልቷል አለ። ይህን ደግሞ ሲፎክር አልነበረም። በር ላይ በእርግጥም ሞልቷል።

ፀገነት አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ሰኞ ኖምቩላ ያ በር ተከፍቶላት ማሽኗ ላይ እንድትቀመጥ። ሕይወቷን ላተረፈች ሰው ይህን ማድረግ ካቃታት ቻይንኛውም ዙሉውም ምን ያደርግላታል? አርብ ከሥራ ስትወጣ ጄፒ መንገድ ላይ መጋረጃ የሚሸጡት ጋሽ አየነው ዘንድ ሄደች። ጋሽ አየነው በጆሃንስበርግ ሐበሻ መሃል ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልገላገሉት ሸሪክ የለም፤ እንዲያውም ሥራ ሲፈቱ ራሳቸው ያጣላሉ እየተባሉ ይታማሉ።

ነገሩን ስታስረዳቸው መጋረጃ እያጠፉ ሰሟት።

«ሽማግሌ እውነቱን ብቻ ተሸክሞ ቢመላለስ ማን ይታረቅ ነበር ብለሽ ነው?» አሏት። «ለእሱ ‹ተጸጽታለች› ትይዋለሽ። ለእሷ ‹አዝኖልሻል› ትያታለሽ። የዕርቁ ዕለት አቁመሽ ብዙ ሳያወሩ ታሳስሚያቸዋለሽ። ከተሳሳሙ ወዲያ ማን ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

«ቻይና አይሳሳምም ጋሽ አየነው።»

«እጅ ይጨብጥ እንግዲህ።» እጃቸው መጋረጃው ላይ ቆመ። «ለመሆኑ ለቅሶውን ደርሰሻል?»

«ደውዬላታለሁ። አንድ ካርቶን ጁስም ልኬያለሁ። ፋብሪካው አልለቅ ብሎኝ ነው።»

«እ...» አሉ ጋሽ አየነው። «ለቅሶው ሳይደረስ ዕርቅ። ይሁን፣ ከቸኮልሽ ምን ይደረጋል።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል ያገሬ ሰው። ጋሽ አየነው ይህን ተረት ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ ደንበኛ ገባባቸውና ሳይሉት ቀሩ እንጂ። ፀገነትም ያን ዕለት ሂልብሮው ኖምቩላ ዘንድ ጎራ ብላ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር በተረፈ። ግን ደክሟት ነበር፤ ነገሩ መጀመሪያ ይለቅ፣ ለቅሶው የትም አይሄድም ብላ ታክሲ ይዛ ቤቷ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ሊንን ቢሮው አገኘችው። «ኖምቩላ ተጸጽታለች» አለችው። «ይቅርታ አድርግልኝ ብላሃለች።»

የሊን ፊት እንዴት እንደበራ! ፀገነት እንዲህ ደስ ይለዋል ብላ አልጠበቀችም። ለካ እሱም ሊያባርራት አይፈልግም ነበር፤ እጇ ፈጣን ነው፣ ከማሽኑ ጋር ትግባባለች። «እንግዲያ ሰኞ በሰልፉ ላይ ትናገረዋለች» አለ።

ሰልፍ የሚለው የጠዋቱን ነው። በየማለዳው ሠራተኛው በመስመር ይቆማል፤ ሊን የእንጨት መደብ ላይ ወጥቶ የዕለቱን ሥራ ይናገራል፤ ያጠፋ ካለ ወደ ፊት ወጥቶ ጥፋቱን በአፉ ይናገርና ይጨበጨብለታል። ለሊን ይህ ገላ መታጠብ ማለት ነው። የተናገረ ሰው ነጽቶ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ሁለተኛም አይነሳበትም። ለሴቶቹ ደግሞ ልብስ አውልቆ አደባባይ መቆም ማለት ነው። ፀገነት ሁለቱንም ታውቃለች። አውቃም «እሺ» አለችው።

ከዚያ ለኖምቩላ ደወለችላት። «ሊን በሐዘንሽ አዝኗል። ሰኞ በሁሉም ፊት ያጽናናሻል፤ ሥራሽም ይመለሳል።»

ኖምቩላ ጠየቀች። «በራሱ አፍ እንዲህ አለ?»

«በራሱ አፍ።»

«እንግዲያ ጥቁሬን ለብሼ እመጣለሁ» አለች ኖምቩላ። «የሚያጽናና ሰው ሐዘንተኛዋን ማየት አለበት። አክስቴም ትስማው።» ድምጿ ለስልሶ ነበር። «ሲሲ ፀጊ፣ አንቺ ባትኖሪ ማን ይነግርልኝ ነበር?»

ፀገነት ስልኩን ስትዘጋ ደስታም ፍርሃትም ያዛት። የተማመነችው በገዛ አፏ ነው። ሊን በቻይንኛ ቢል በዙሉ የምትመልሰው እሷ ናት፤ ኖምቩላ በዙሉ ብትል በቻይንኛ የምታደርሰው እሷ ናት። የሚከረክረውን እያለሰለሰች፣ የጎደለውን እየሞላች ታጨባብጣቸዋለች። ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ሲባል እንደ ማንኛችንም ስለ ሌላ ሰው የተባለ ይመስላት ነበር።

ሰኞ ማለዳ አዲሱ ማሽን ቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። በሩ ላይ እንደ በርበሬ ዛላ የተንጠለጠለ ቀይ ርችት አለ፤ በተቆረጠለት ሰዓት ካልተተኮሰ ለማሽኑ ገድ የለውም። ሴቶቹ ተሰለፉ። ኖምቩላ ከራስ መሸፈኛዋ እስከ ጫማዋ ጥቁር ለብሳ ገባችና መሃላቸው ቆመች።

ሊን ሲያያት ደነገጠ። ቀይ በሚደረግበት ቀን የሐዘን ልብስ ለብሶ መምጣት በእሱ አገር ነውር ብቻ አይደለም፣ መርገም ነው። ግን ዋጠው። ፀገነት ሲውጠው አየች፤ ይህም ለእሱ ትልቅ ይቅርታ መሆኑን የተረዳችው እሷ ብቻ ናት። መደቡ ላይ ወጣ፤ ፀገነት አስተርጉሚ ብሎ እንዲጠራት ስትጠብቅ ፈገግ አለላት።

«ጂና ዛሬ ትረፍ» አለ። «ዛሬ እኔ ራሴ እናገራለሁ።»

ከኪሱ ቋንቋ የሚተረጉምለትን ስልኩን አወጣ። እሑድን ሲለማመድበት ውሎ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን በሰው አፍ መናገር ለሠራተኞቹ ንቀት እንዳይመስል ብሎ፣ አክብሯቸው ነው። ወደ ስልኩ በቻይንኛ ተናገረና ድምፅ ማጉያው ላይ አስጠጋው። ከስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት በጥሩ ዙሉ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች አወጣችው።

«ኖምቩላ ጥፋቷን አምናለች። ለቀብር ብላ ሥራዋን በመተዋ ተጸጽታ ይቅርታ ጠይቃኛለች። እኔም ይቅር ብያታለሁ። አሁን ወጥታ በሁላችሁ ፊት ትናገር፤ ከዚያ አዲሱን ማሽን አብረን እናስነሳለን።»

ሊን አጨበጨበ። ብቻውን አጨበጨበ። ያቺ ስልክ የሽማግሌን ወግ ከየት ታውቃለች? የተባለውን አለች፣ አበቃ።

ኖምቩላ ከሰልፉ ወጥታ እስከ መደቡ ሄደች። ጎንበስ ብላ ለስልኩ፣ እንደ ሰው፣ ቀስ ብላ ተናገረች። «ይቅርታ ጠይቃለች ያለህ ማነው?»

ስልኩ በቻይንኛ መለሰለት። ሊን አንብቦም ሰምቶም ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ቀና ብሎ ፀገነትን አያት። ኖምቩላም ዞራ አየቻት። ሴቶቹም ሁሉ ዞሩ። ፀገነት በየትኛው ቋንቋ መጀመር እንዳለባት ጠፋት፤ ሦስት ቋንቋ የምትናገር ሴት አንድ ቃል ከየትም ማምጣት አቃታት።

«ሲሲ ፀጊ» አለች ኖምቩላ፣ «ያሳደገችኝን መቅበሬን ጥፋት ነው ብለሽ ነገርሽው?»

«ለማስታረቅ ብዬ ነው። ሥራሽ እንዳይቀር ብዬ።»

«ሥራ ከዚህ በፊትም ቀርቶብኝ ያውቃል።» ኖምቩላ አልጮኸችም። «አባትሽ የሞተ ጊዜ ፍራሽሽ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቋንቋችሁ አይገባኝም፣ ግን ተቀምጬ ነበር። እኔ ከኖንጎማ ስመለስ የእኔ ፍራሽ ላይ ማን መጣ? ደወልሽልኝ። ቀጥለሽ ደግሞ ለዚህ ነገር ደወልሽልኝ። እኔ እኮ እግርሽን ነበር የምጠብቀው።»

ፀገነት አንገቷን ደፋች። ይህን ሊሏት የሚገባቸው የገዛ አገሯ ሰዎች ነበሩ፤ ለቅሶ ሳይደርሱ ሽምግልና መግባት ነውር መሆኑን ጎንደሬ ሕፃን ያውቀዋል። ያፈረችው በሴቶቹ ፊት ወይም በሊን ፊት አልነበረም። አባቷ ከመቃብር ሆነው የሚያዩዋት መሰላት።

«ጂና፣ ይቅርታ አልጠየቀችም?» አለ ሊን።

«አልጠየቀችም።»

ሊን ከመደቡ ወረደ። አልተቆጣም፤ ጆሮው ብቻ ቀላ። ኖምቩላ ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ ወደ በሩ ሄደች፣ ሴቶቹም ተከተሏት። መዝሙሩ ከውጭ ተሰማ። ሊን ሰዓቱን አየ። የርችቱ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ የሆነው ቢሆን ሰዓቱ አይታለፍም። ጥበቃውን ጠርቶ አስለኮሰው።

ርችቱ ሲንጣጣ ሴቶቹ በሩ ፊት ለፊት ቆመው ነበር። በዚህ አገር ፖሊስ አድመኛ ላይ ተኩሶ ገድሏልና፣ አድማ ላይ የቆመ ሰው እንዲያ ያለ ድምፅ ሲሰማ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መዝሙሩ ተቋረጠ፤ ጮኹ፤ እርስ በርስ እየተረጋገጡ ሮጡ። ፀገነት በመስኮቱ ስታይ ኖምቩላ አንዲት የወደቀች ባልቴት ከአስፋልቱ ላይ ስታነሳ ነበር። ጥቁር ሻሿ ከራሷ ወልቆ መንገዱ ላይ ቀርቷል። ሊን ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከቀዩ ጨርቅ ፊት እጁን አጣጥፎ፣ ለማሽኑ ይሰግድ ነበር። የሆነውን አላየም። ቢነገረውም ርችት እንጂ ምን ተተኮሰ ይላል፤ እነሱም በተራቸው ተኮሰብን ይላሉ። በመሃል ሆና ሁለቱንም የምታስረዳው ሴት ከዚያ ቀን ወዲያ አፍ አልነበራትም።

ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ አዲስ የሥራ ፈላጊ ሰልፍ ተሠራ። ከወጡት አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ፤ ልጆች አሏቸውና ማን ይፈርድባቸዋል። ኖምቩላ ግን አልተመለሰችም።

እሑድ ፀገነት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለለቅሶው ጥቁር ለብሳ ሂልብሮው ሄደች። ሻማ፣ ስኳርና የበቆሎ ዱቄት ይዛለች። ሊፍቱ ስለማይሠራ ደረጃውን ስትወጣ፣ ገብቼ ፍራሹ ላይ እቀመጣለሁ፣ ምንም አልናገርም፣ እሷ እንዳደረገችው ዝም ብዬ እቀመጣለሁ እያለች ነበር። ያ ያኔ በዱላ የተደበደበው በር ዘንድ ደርሳ አንኳኳች።

ኖምቩላ ከፈተች። ጥቁር ለብሳለች፣ ፊቷ የተረጋጋ ነው። «ግቢ» አለቻት። ክፍሉ ተጠርጓል። ሐዘንተኛ ሴቶች የሚቀመጡበት ፍራሽ ከወለሉ ተነስቶ አልጋው ላይ ተመልሷል፣ ተነጥፎም ትራስ ተደርጎበታል።

«ፍራሹ ተነስቷል» አለች ኖምቩላ፣ ዓይኗ የት እንዳረፈ አይታ። «የሚመጡት መጥተው አልቀዋል።» ወንበር ሳበችላት። ለውጭ እንግዳ በሚቀርበው ሲኒ ሻይ ሰጠቻት፣ ብስኩትም አቀረበችላት። ያመጣችውን ተቀብላ አመሰገነቻት። ፀገነት ልታለቅስ መጥታ እንባዋ እምቢ አላት፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ብስኩት ይዞ፣ ምን ለቅሶ ይመጣል? ሻይዋን ጠጥታ ተነሳች።

«ይቅር በይኝ» አለቻት በሩ ላይ።

«ሀምባ ካህሌ» አለች ኖምቩላ፣ በሰላም ሂጂ ማለት ነው። በሩን ልትዘጋ ስትል ጨመረችበት። «ሀምባ ካህሌ፣ ጂና።»

በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ሰኞ ሊን እንደ ልማዱ ሙቅ ውኃ በብርጭቆ ይዞ ወደ አዲሱ ማሽን መጣና አጠገቧ ቆመ። ይቆጣኛል ብላ ነበር።

«የዋሸሽው ገብቶኛል» አላት። «እኛም አገር አስታራቂ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። አልተቀየምኩም።» በመላ ከተማው የገባው ሰው እሱ ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ለሰው የማይሰጠውን ነገር እንደሚሰጥ ሰው። «እነሱን ታውቂያቸዋለሽ። ሰው ከሞተ ሁሉን ጥለው ይሄዳሉ። አንቺ ግን እንደኛ ነሽ። አባትሽ ሲሞት ከሥራሽ አልቀረሽም። የጓደኛሽም ሰው ሲሞት ከማሽንሽ አልተነሳሽም። ይህን ማሽን ለአንቺ የሰጠሁሽ ለዚህ ነው።»

ከልቡ ነበር። ሊን በዚህ ዓለም ላይ ለሰው የሚሰጠው ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለውም። ፀገነትም እውነቱን እንደሆነ ታውቃለች። «አመሰግናለሁ ሚስተር ሊን» አለችው፤ የዘረጋላትን ውኃም ተቀበለችው።

ኖምቩላ ትቀመጥበት በነበረው ማሽን ላይ አዲስ የተቀጠረች ሴት ተቀምጣለች። ነጂባ ትባላለች፤ ከሀላባ መጥታ ብዙም አልቆየች። ፀገነት ክር ስታስገባላት፣ ጠርዙን እንዴት እንደምትይዝ ስታሳያት አረፈደች። ነጂባ ቶሎ ይገባታል። ሊን ራቅ ማለቱን አይታ ወደ ፀገነት ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለቻት። «አገር ቤት እናቴ ታማለች። እንዳው ክፉ ነገር ቢመጣ እንድሄድ ይፈቅዱልኛል? እንኳን አገር ቤት፣ እዚህ ያሉት ዘመዶቼ ጋ ለለቅሶ የምቀመጥበት ቀን ይሰጡኛል?»

ፀገነት መርፌው ላይ እንዳጎነበሰች ክሩን አጠበቀች። ኖምቩላ ብትሆን ምን እንደምትመልስ ታውቃለች። ከወዲያ ማዶ ሊን ማሽኖቹን እያየ ይመጣል።

«ስልክ አለሽ አይደል?» አለቻትና ማሽኑን አስነሳችው።